የዓሣ ገንዳችሁ ፒኤች ከፍ ሲል፦ ለአምባ ጊዮርጊስና ለአካባቢዋ የተዘጋጀ መመሪያ

በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ ዕፅዋት ያሉበት የዓሣ ገንዳ ማኖር ትዕግሥት ይፈልጋል። ሌሊቱ ይበርዳል፣ መብራት ይጠፋል፣ ዓሣውም ተክሉም ከሩቅ ነው የሚመጣው። ይህን ሁሉ ተቋቁሞ ገንዳውን ያለመለመ ሰው አንድ ቀን መለኪያውን ነክሮ 8.4 የሚል ፒኤች ሲያነብ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ዓሣውን የሚጎዳው ግን ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ሳይሆን ከድንጋጤው በኋላ የሚደረገው ነው፤ ሎሚ መጭመቅ፣ አቼቶ ማፍሰስ፣ ውኃውን በሙሉ በአንድ ቀን መቀየር። ከዚህ አንዱንም ከማድረጋችሁ በፊት ቀጥሎ ያለውን በቅደም ተከተል ሞክሩ።

መጀመሪያ፣ ቁጥሩ በእርግጥ ችግር መሆኑን እዩ

ጋፒ፣ ሞሊ፣ ሶርድቴልና ጎልድፊሽ ከ7 እስከ 8 በዘለቀ ውኃ ደኅና ይኖራሉ። የእኛው ቆሮሶ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከ8.5 በላይ በሆነ ውኃ ይራባል። የታንጋኒካ ሐይቅ ዓሦች ደግሞ ውኃው ወደ ገለልተኛው 7 ሲወርድባቸው አይስማማቸውም። የሚቸገሩት ከአማዞን ለስላሳ ውኃ የመጡት፣ እንደ ኒዮን ቴትራና ዲስከስ ያሉት ናቸው። እንግዲህ ገንዳችሁ ውስጥ ጋፒ ካለ፣ እየበላና እየተራባ ከሆነ፣ ፒኤቹም ሳምንቱን ሙሉ 8 አካባቢ ከረጋ ምንም አትንኩ። ዓሣ ከከፍተኛ ቁጥር ይልቅ ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅ ቁጥር ይጎዳዋል።

ከፍተኛ ፒኤች በእውነት የሚያስፈራው ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ነው። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ የሚያወጣው አሞኒያ በውኃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ብዙም አይጎዳም፣ ሌላው መርዝ ነው። ውኃው 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን በፒኤች 7 ላይ መርዛማው ከጠቅላላው 0.6 በመቶ ገደማ ነው። በ8 ላይ ከ5 በመቶ ያልፋል፤ በ9 ላይ ከሲሶ ይበልጣል። ስለዚህ ገንዳው አዲስ ከሆነ፣ ወይም ማጣሪያው በቅርቡ በቧንቧ ውኃ ታጥቦ ከሆነ፣ ከፒኤቹ በፊት አሞኒያውን ለኩ። ምግብ ቀንሱ፤ የታመመ ዓሣ ካለም ጥፋቱን በፒኤች ለማሳበብ አትቸኩሉ።

ተክሎቹም የራሳቸውን ምልክት ይሰጣሉ። ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው አዲስ የወጣ ቅጠል ነው፤ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ ገላው ከገረጣ ብረት አልደረሰውም ማለት ነው፣ ብረት በአልካላይን ውኃ ውስጥ ወደማይሟሟ መልክ ተለውጦ ይዘቅጣልና። ሁለተኛው እንደ ቫሊስኔሪያ ያለ ረጅም ቅጠል ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አድርጋችሁ ከሥር ወደ ጫፍ ሳቡት። ደቃቅ አሸዋ እንደ ተለጠፈበት ከሻከራችሁና ነጭ ቅርፊት ካለበት፣ ተክሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢያጣ ባይካርቦኔት መብላት ጀምሯል። ቅርፊቱ የዚያ ትርፍ የሆነ ኖራ ነው። ይህ ምልክት ከማንኛውም መለኪያ በላይ ብዙ ይነግራችኋል።

መለኪያውን ፈትኑ

የፒኤች ወረቀት እርጥበት ከነካው ወይም ጊዜው ካለፈ ይዋሻል። የኤሌክትሮኒክስ መለኪያ ያላችሁ በ7 እና በ10 የማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክሉት፤ ጫፉ ደርቆ የከረመ ከሆነ አንድ ሌሊት በማቆያ ፈሳሹ ነክራችሁ አሳድሩት። በጠብታ የሚሠራውን መመርመሪያ ቀለሙን በቀን ብርሃን አንብቡ። በቢጫ አምፖል ሥር 7.6ና 8.2 አንድ ይመስላሉ።

አራት ንባብ ውሰዱ

የዚህ ሁሉ ሥራ እምብርት ይህ ነው። ቀንና ሰዓት እየጻፋችሁ አራት ጊዜ ለኩ።

አንደኛ፣ ውኃው ከቧንቧው ወይም ከጉድጓዱ እንደ ወጣ ወዲያውኑ። ሁለተኛ፣ ያንኑ ውኃ በንጹሕ ባልዲ አድርጋችሁ፣ ቢቻል የአየር መንፊያ አስገብታችሁ፣ 24 ሰዓት ካቆያችሁት በኋላ። ሦስተኛ፣ ገንዳውን ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ፣ መብራቱ ሳይበራ። አራተኛ፣ ገንዳውን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ፣ ተክሎቹ ብርሃን ጠግበው ሳለ።

ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ብዙ ከፍ ካለ፣ የጠዋቱ የገንዳ ንባብም ከእሱ ጋር ከተቀራረበ ወይም ዝቅ ካለ፣ ገንዳችሁ ምንም አልሆነም። የውኃችሁ ተፈጥሮ ነው። የከርሰ ምድር ውኃ በአፈርና በዓለት ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተሸክሞ ይወጣል፤ ጋዙ እስካለ ድረስ ፒኤቹ ዝቅ ብሎ ይታያል፣ አየር ሲያገኘው ጋዙ ያመልጥና ፒኤቹ ከፍ ይላል። ብዙ ሰው ከቧንቧ 7.2 ለክቶ ገንዳው ውስጥ 8.2 ሲያገኝ ጠጠሩን ይጠረጥራል። ጠጠሩ ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

የጠዋቱ የገንዳ ንባብ ባልዲው ውስጥ ካደረው ውኃ ከበለጠ ግን ገንዳው ውስጥ የሚሟሟ ነገር አለ፣ ወይም ማዕድን እየተከማቸ ነው። ጠዋት ደኅና ሆኖ ከሰዓት በኋላ 0.5 ወይም ከዚያ በላይ ዘሎ ከተገኘ ደግሞ ተክሎቹ ናቸው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጨርሰውታል። ከቧንቧው ገና ሲወጣ ከ8.5 በላይ የሆነ ውኃ ደግሞ የተጠራቀመበትን ቦታ እንድትመረምሩ ያስገድዳል። በሲሚንቶ የተለሰነ ማጠራቀሚያ፣ በተለይ አዲስ የሆነ፣ ከልስኑ ኖራ እየለቀቀ ፒኤቹን ከ9 በላይ ሊያደርስ ይችላል። ሮቶ ይህ ችግር የለበትም። የግቢያችሁ ማጠራቀሚያ ሲሚንቶ ከሆነ ለዓሣው የሚሆነውን ከማጠራቀሚያው በፊት ካለው ቧንቧ ቅዱ።

አንድ የአካባቢያችን ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ያው ውኃ እዚህ ላይ አየር ሲጠግብ ፒኤቹ ከባሕር ዳርቻው ከ0.1 እስከ 0.15 ከፍ ይላል። ኦክስጅኑም ያንሳል፤ በ25 ዲግሪ በባሕር ጠለል 8.2 ሚሊ ግራም በሊትር የሚይዘው ውኃ እዚህ 5.8 ገደማ ነው የሚይዘው። ይህን ሁለተኛውን ቁጥር አትርሱት፣ ኋላ ላይ ያስፈልጋል።

ኬኤቹን ሳታውቁ ፒኤቹን አትንኩ

ፒኤችን ከፍ አድርጎ የሚይዘው በውኃው ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ነው፤ መጠኑ በኬኤች ይለካል። አንድ የጀርመን ዲግሪ በሊትር 17.8 ሚሊ ግራም የካልሲየም ካርቦኔት ልክ ነው። የሰሜን ተራሮችና የወገራ ምድር እሳተ ገሞራ የወለደው ጥቁር ባዛልት ነው፤ የኖራ ድንጋይ ባይኖርም በባዛልት ውስጥ የሚያልፍ ውኃ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይወጣል። ስለዚህ «እኛ ዘንድ የኖራ ድንጋይ የለም» ብሎ ኬኤችን ከመለካት መዝለል አያዋጣም።

የኬኤች መመርመሪያ ካላገኛችሁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ጠይቁ። የሚያስፈልገው 0.1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ቢዩሬትና ሜቲል ኦሬንጅ ብቻ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ውኃ ይቀዳል፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ሜቲል ኦሬንጅ ይገባበትና ቢጫ ይሆናል። አሲዱ ቀስ እያለ ሲንጠባጠብ ቢጫው ወደ ብርቱካናማ የተለወጠባት ቦታ ላይ ይቆማል። የገባው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 2.8 ዲግሪ ኬኤች ነው። ሦስት ሚሊ ሊትር ከፈጀ 8.4 ማለት ነው። የምንጩንም የገንዳውንም ለኩ። የገንዳው ከምንጩ ከበለጠ የጥርጣሬው መንገድ ጠበበ።

አሁን ሎሚና አቼቶ ለምን እንደማይሠሩ ግልጽ ይሆናል። አሲዱ ባይካርቦኔቱን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ ፒኤቹ ለጥቂት ሰዓት ይወርዳል፤ ጋዙ ሲያመልጥ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። በማግሥቱ ይደገማል። ዓሣው በየቀኑ ሽቅብ ቁልቁል ይወረወራል፤ ባይካርቦኔቱ ያለቀ ቀን ደግሞ ፒኤቹ የሚይዘው አጥቶ በአንድ ሌሊት ይወድቃል። የአምቦ ውኃ ማፍሰስም የባሰ ነው። ጋዙ ለጊዜው ፒኤቹን ያወርደዋል፣ ከዚያ የሚቀረው ግን ብዙ ባይካርቦኔት ነው፤ ገንዳው ከበፊቱ ይብስበታል።

ድንጋዩንና ጠጠሩን መርምሩ

ከሜዳው የተለቀመ ጥቁር ባዛልት በአብዛኛው ገንዳ አይለውጥም። ነገር ግን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ነጭ ሙሌት ያለበትን ለዩ፤ ሙሌቱ ካልሳይት ከሆነ ይሟሟል። ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ከዓባይ በረሃ የመጣ የኖራ ድንጋይ፣ ከግንባታ የተረፈ የእብነ በረድ ፍርካሽ፣ ለጌጥ የተቀመጠ ዛጎል፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ በሲሚንቶ የተሠራ ዋሻ፣ ሁሉም ያው ኖራ ናቸው።

ድንጋዩን አድርቁና በምስማር ጫሩት፤ በተጫረው ዱቄት ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ። ከፈላ አውጡት። ካልፈላ ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም፣ አቼቶ ደካማ አሲድ ነውና። እርግጠኛው ፈተና ጊዜ ይወስዳል፤ ሁለት ንጹሕ ማሰሮ በዝናብ ውኃ ሙሉ፣ አንዱ ውስጥ ድንጋዩን ክተቱ፣ ሌላውን ባዶውን ተዉት። ከሳምንት በኋላ የሁለቱንም ኬኤች ለኩ። ልዩነት ካለ ድንጋዩ ነው።

ድንጋዩ ነጻ ወጥቶ የገንዳው ኬኤች አሁንም ከምንጩ ከበለጠ መሙያችሁን ተመልከቱ። በበጋው ደረቅ አየር፣ ማሞቂያም ካለ፣ ከገንዳው በየቀኑ ውኃ ይተናል። የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ማዕድኑ ይቀራል። የጎደለውን በጉድጓድ ውኃ በሞላችሁ ቁጥር ማዕድን በማዕድን ላይ ትጨምራላችሁ። ከመስከረም እስከ ግንቦት በዚህ ከቀጠለ ማንም ድንጋይ ሳይነካ ኬኤቹ ያድጋል።

ማውረድ፦ በዝናብ ውኃና በዝግታ

ኬኤቹ በእርግጥ መቀነስ አለበት ብላችሁ ከወሰናችሁ ከሁሉ የተሻለው፣ ዋጋም የማያስወጣው፣ የክረምት ዝናብ ነው። ኬኤቹ ወደ ዜሮ የቀረበ ነው፤ የእኛ አገር ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አይሰስትም። ለዚህ ሥራ ከዚህ አካባቢ የተሻለ ቦታ ብዙ የለም ብዬ አምናለሁ።

ከቆርቆሮ ክዳን ግን አትቅዱ። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንክ ለዓሣ መርዝ ነው፣ በለስላሳ ውኃ ውስጥ ደግሞ መርዝነቱ ይብሳል፣ አዲስ ክዳን ከሆነ ይበልጥ። በአራት እንጨት ላይ ንጹሕ ላስቲክ ወጥሩና መሐሉን አርግባችሁ ወደ ጀሪካን አውርዱ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው፤ አራት ካሬ ሜትር ላስቲክ 30 ሚሊ ሜትር በጣለ ቀን 120 ሊትር ይሰጣል። የመጀመሪያውን ዝናብ አቧራና ጭስ ያጥብ ዘንድ ልቀቁት። ጀሪካኑ ዘይትም ነጭ ጋዝም የነካው እንዳይሆን፤ ጨለማ ቦታ ክደኑት። 100 ሊትር ለሆነ ገንዳ የበጋውን ወራት የሚያዘልቀው ቢያንስ ከ13 እስከ 15 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው።

የዝናብ ውኃ ብቻውን አታስገቡ፤ ባይካርቦኔት የሌለው ውኃ ፒኤች አይጸናለትም። ከምንጩ ጋር ቀላቅሉ። ኬኤቹ 10 የሆነ የጉድጓድ ውኃ ከዝናብ ጋር እኩል ሲደባለቅ 5 ይሆናል። ከ100 ሊትሩ ገንዳ በየሳምንቱ 15 ሊትር አውጥታችሁ በዚህ ድብልቅ ብትተኩ፣ ኬኤቹ ከአራት ሳምንት በኋላ 7.6 ገደማ፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ 6.4 ገደማ ይደርሳል። ዓሣው አይሰማውም። ፒኤቹ በቀን ከ0.2 በላይ ከወረደ ቸኩላችኋል፣ መጠኑን ቀንሱ። ኬኤቹንም ከ4 ዲግሪ በታች አታውርዱ። በትነት የጎደለውን ግን በንጹሕ የዝናብ ውኃ ብቻ ሙሉ።

ዝናብ ከሌለ የታሸገ ውኃ መጠቀም ይቻላል፤ መለያው ላይ ባይካርቦኔት የሚለውን ቁጥር ፈልጉና ለ21.8 አካፍሉት፣ ኬኤቹ እሱ ነው። ውኃ አጋር ወይም በረኪና የገባበት ውኃ ለገንዳ አይሆንም፤ ክሎሪኑ የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል፣ በማጣሪያው ውስጥ አሞኒያን የሚያጠፉትን ባክቴሪያዎችም ይገድላል።

ተክሉ ከሆነ ጥፋተኛው

ከሰዓት በኋላ ለሚዘል ፒኤች መድኃኒቱ ውኃ መቀየር አይደለም። መጀመሪያ መብራቱን በቀን ወደ ስምንት ሰዓት አውርዱ፤ ገንዳው መስኮት አጠገብ ካለ አርቁት፣ የደጋ ፀሐይ ጠንካራ ነው። የአየር መንፊያውን ቀን ላይ አዝግሙት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየጨመሩ መንፊያውን በኃይል ማስኬድ በርና መስኮት ከፍቶ ከሰል እንደማቀጣጠል ነው።

ይህ በቂ ካልሆነ በእርሾ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስጡ። ሁለት ሊትር በሚይዝ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ሲሶውን ባዶ ትታችሁ ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ ኩባያ ስኳርና ሩብ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ አድርጉ። ከክዳኑ በግሉኮስ ቱቦ ወደ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ውኃ፣ ከዚያም ወደ ገንዳው አሳልፉ። ትንሿ ጠርሙስ እርሾው ሞልቶ ወደ ዓሣው እንዳይፈስ ትከላከላለች። በታኅሣሥ ብርድ እርሾው ይተኛል፤ ጠርሙሱን በማሞቂያው አጠገብ አስቀምጡ ወይም በጨርቅ ጠቅልሉት።

መጠኑን ለማወቅ ኬኤቹንና ፒኤቹን ማወቅ ይበቃል። ኬኤች 6 ከሆነና ፒኤቹ 7.2 ላይ ከቆመ በሊትር 11 ሚሊ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፉ መጻሕፍት 30 ድረስ እንድትሄዱ ይመክራሉ። እዚህ ከፍታ ላይ፣ ኦክስጅኑ በተፈጥሮው ባነሰበት፣ ከ10 እስከ 15 ላይ ቁሙ እላለሁ። እርሾ ሌሊት አይጠፋም፤ ተክሎቹ ደግሞ ሌሊት ኦክስጅን ይተነፍሳሉ። ስለዚህ መብራቱ ሲጠፋ መንፊያውን አስነሡ። ዓሦቹ ጠዋት ውኃው ላይ አፋቸውን አውጥተው ካገኛችኋቸው የእርሾውን ቱቦ ወዲያው አውጡ። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥም እንዲሁ አድርጉ፤ በባትሪ የሚሠራ መንፊያ ካላችሁ በዚያ ሌሊት ዋጋውን ይመልሳል።

ይህን ሁሉ ከማድረግ ባይካርቦኔት የማይከብደውን ተክል መምረጥ ይቀላል። ቫሊስኔሪያና ሴራቶፊለም በባይካርቦኔት ይኖራሉ፤ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን በዝግታ ስለሚያድጉ ብዙ አይጠይቁም። ዓሣም እንደዚያው። ማሞቂያ ማቆየት ለሚቸግረው የደባርቅ ቤት ጎልድፊሽ ከኒዮን ቴትራ ይሻላል፤ ብርዱንም ፒኤቹንም ይችለዋል፤ ለስላሳ ቅጠል ስለሚግጥ ግን አኑቢያስን አብራችሁ ትከሉ።

ቫሊስኔሪያም ሴራቶፊለምም ጣና ውስጥ በቅለው ታገኛላችሁ። ከዚያ ነቅላችሁ አታምጡ፤ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ከቅጠሉ ጋር ሊመጣ ይችላል። ከገንዳ የከረከማችሁትንም ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ አትጣሉ። እምቦጭ በጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ገበሬውና ዓሣ አስጋሪው በእጁ እየነቀለ የሚታገለው ከሌላ አህጉር የመጣ የውኃ ተክል ነው። ክርክሙን ፀሐይ ላይ አድርቁና ከአትክልት ማሳው ብስባሽ ጋር ቅበሩት፤ የወጣውን የገንዳ ውኃም ለጎመኑ አጠጡት።